ማራገቢያው ዝም ያለ ዕለት

በሚሎቫ መንደር ታክሲ ማለት ኡራንያ፣ ኡራንያ ማለትም ታክሲ ነበረች። «ታክሲ መጣች!» ሲባል መኪናዋ ትሁን ሴትየዋ የሚለይ ሰው አልነበረም። መኪናዋ ሰማያዊ አሮጌ ናት። ሴትየዋ ደግሞ ጸጉሯን በጥቁር ሻሽ ጠቅልላ፣ ወንበሯ ላይ ትራስ ደርባ ካልተቀመጠች በቀር መንገዱ የማይታያት አጭር ሴት። ሰሜን ግሪክ ካለችው ከኮኒትሳ ከተማ ተነስቶ ገደል ገደሉን እየተጠማዘዘ ወደ ተራራው የሚወጣውን መንገድ ሰው የገዛ ቤቱን ደረጃ እንደሚያውቀው ታውቀው ነበር።

መኪናዋ ግን መጀመሪያ የባሏ የስቴርጊዮስ ነበረች። ስቴርጊዮስ መንደሩ ገና በሰው በተሞላበት ዘመን ሙሽራውንም፣ አይቡንም፣ ፖስታውንም፣ ምጥ የያዛትንም ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ያኔ ትምህርት ቤቱ እረፍት ሲወጣ የልጆቹ ጩኸት ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። ሁለት ቡና ቤቶች ነበሩ፤ አንደኛው ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ሌላኛው ውስጥ ቢሞት አይገባም። ለፍልሰታ በዓል ክላርኔት ነፊው ሲመጣ አደባባዩ ስለሚጠብ ግማሹ ሕዝብ የሚጨፍረው መንገድ ላይ ነበር። በኋላ ሰዉ ወደ ጀርመንና ወደ አቴንስ መፍሰስ ጀመረ፤ ታክሲዋም ሰው ጭና መውረድ እንጂ ጭና መውጣት ቀረባት።

ስቴርጊዮስን ስኳር ያዘው። ስኳሩ ዓይኑን ቀስ በቀስ በላው፣ እሱ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። መንገዱን በልቡ ስለሚያውቀው በልቡ ይነዳ ጀመር። አንድ ቀን ኡራንያን ከጎኑ አስቀምጦ በካህኑ ግቢ በር ሲያልፍ መኪናውን አቀዘቀዘና ባርኔጣውን አነሳ።

«አባ፣ ይባርኩኝ!»

ጥቂት እንደሄዱ ኡራንያ፣ «ማንን ነው ሰላም ያልከው?» አለችው።

«አባን ነዋ። ዛሬስ ምነው ዘጉኝ?»

«አባ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። አንተ ሰላም ያልከው ገመድ ላይ የተሰጣ ቀሚሳቸውን ነው።»

ቤት ሲደርሱ ጮኸችበት። ጎረቤት እስኪወጣ ጮኸችበት። «ሰው ጭነህ! የሰው ልጅ ጭነህ፣ በዚያ ገደል! ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ!» እሱ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ «ብነግርሽ ማን ይነዳት ነበር?» አላት።

«እኔ!» አለች፣ መሪ ጨብጣ የማታውቀው ሴት።

መንጃ ፈቃዱን ያወጣችው ጸጉሯ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ወንዶቹ ሳቁባት። ናሲስ የሚባለው ባለበቅሎ ሽማግሌ ቡና ቤት በር ላይ ሆኖ፣ «የኔ በቅሎ ቢያንስ ገደሉን አይታ ትፈራለች!» ብሎ ሲሰድባት ሰማችው። በዚያው ክረምት ናሲስን ሆዱን ቆርጦ ያዘው። በበረዶ ውስጥ ወደ ሐኪም ቤት ስታወርደው በመስታወት ወደ ኋላ አይታው፣ «በቅሎህስ እንዴት ናት?» አለችው። ሰውየው ተጣጥፎ እንዳለ፣ «ንጂ፣ እህቴ፣ ንጂ» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ በቅሎ ያነሳ የለም።

ስቴርጊዮስ እስኪሞት ድረስ ጋቢና ከጎኗ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። «ማርሽ ቀንሺ፣ ምን አስጮኸሽ?» ይላል። «የኋላ ግራ ጎማ ጠጠር ነክሷል» ይላል። ደግሞም ጠጠር ነክሶ ይገኛል። ዳገቱ መሐል የመነኩሲቷ ኩርባ የሚባል ቦታ አለ፤ በበጋ እዚያ ሲደርሱ ሞተሩ ይሞቅና ከራዲያተሩ ኋላ ያለው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ በራሱ ይነሳል። መጀመሪያ እንደ ማንሾካሾክ፣ ከዚያ እንደ ንብ ቀፎ። ስቴርጊዮስ ያችን ማራገቢያ «ልጅቷ» ይላት ነበር።

«ተነሳች ልጅቷ» ይላል ፈገግ ብሎ። ሳይላት ቀርቶ አያውቅም።

የሙቀት ማሳያዋ መርፌ በሆነ ዓመት ተጣብቃ ስትቀር መካኒኩ ልቀይራት ቢል ስቴርጊዮስ እምቢ አለ። «መርፌ ይዋሻል» አለ። «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?» ክረምት ክረምት፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ኡራንያን ወደ መኪናው ማደሪያ ይዟት ይገባና ኮፈኑን ከፍቶ እጇን በእጁ እየመራ ያስተምራት ነበር። «ልጅቷ ካልተነሳች አትደንግጪ። መጀመሪያ ፊውዟን እዪ። ከዚያ ራሷን ጠይቂያት፤ ከባትሪው ቀጥታ ሽቦ ስጫት፣ ከዞረች እሷ ጤነኛ ናት። ጤነኛ ከሆነች የሚቀሰቅሳትን ጠርጥሪ። ይኸውልሽ፣ እዚህ ታች፣ ራዲያተሩ ጎን ላይ የተሰካችዋ የሙቀት ማብሪያ። ውሃው ሲሞቅ ‹ተነሺ› የምትላት እሷ ናት።» እጁ ሻካራና ሞቃት ነበር። ኡራንያ ትምህርቱን ከያዘችው በኋላም ያልያዘች እየመሰለች ደጋግማ ጠይቃዋለች።

እሱ ከሞተ በኋላ የምታዳምጠው ራሷ ሆነች። ችግሩ ጆሮዋም በተራው መድከም መጀመሩ ነው። አቴንስ ያለች ልጇ ወስዳ አስመርምራ የመስሚያ መሣሪያ ገዛችላት። ኡራንያ አንድ ቀን አድርጋው ብትነዳ መኪናዋ የምትፈራርስ መሰላት፤ ያልሰማችው መንቋቋትና ሲጥታ አልነበረም። አወጣችውና ከነሳጥኑ የመኪናዋ የፊት መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ለሰው ግን አልተናገረችም። ተሳፋሪ ሲያወራት የከንፈሩን እንቅስቃሴ በመስታወት እያየች በግምት ትመልስ ነበር። ስለ ዝናብ ወይም ስለ ዋጋ መወደድ ከመለስክ አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል።

በአንድ ዓመት፣ በፍልሰታ ዋዜማ፣ ኮኒትሳ አውቶቡስ ማቆሚያ ኤቫንቲያን ልትቀበል ወረደች።

ኤቫንቲያ አብሮ አደጓ ናት። በወጣትነታቸው ሁለቱም ጀርመን ፋብሪካ ሊገቡ ተስማምተው ነበር። ኋላ ኡራንያ ስቴርጊዮስን አየችና ቀረች፤ ኤቫንቲያን ያን ጊዜ በነበረችው ታክሲ ጭኖ ያወረዳትም ራሱ ስቴርጊዮስ ነበር። መጀመሪያ በየበጋው ትመጣ ነበር፤ ከዚያ አንዳንዴ፤ ከዚያ ጭራሽ ቀረች። አሁን ጡረታ ወጥታ፣ ጸጉሯን በጀርመኗ ስቱትጋርት ጸጉር አስተካካይ በጸጉር ሽቦዎች ከፍ አስደርጋ፣ ሁለት ሻንጣ ይዛ ከአውቶቡሱ ወረደች። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ከዚያ ጋቢናው በዳቦና በበዓል ዕቃ ተይዞ ስለነበር ኤቫንቲያ ከኋላ ተቀመጠች።

ዳገቱን ሲጀምሩ ኤቫንቲያ፣ «ዶክተሩ አሁንም መንደር አሉ?» አለች።

«አዎ፣ ዘንድሮስ ይብስበታል። ቅርንጫፉ ሊሰበር ደርሷል።»

«የዶክተሩ?»

«የፖሙ ነዋ!»

ኤቫንቲያ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ገደሉን ስታይ ቆየችና በቀስታ የሆነ ነገር ጠየቀች። ኡራንያ በመስታወቱ ውስጥ ያየችው በነፋስ የሚርገበገብ ጸጉር ብቻ ነበር።

«ከበረደሽ መስኮቱን ዝጊው» አለቻት።

ኤቫንቲያ መስኮቱን ዘጋች። ፊቷንም ወደ ገደሉ አዞረች።

የመነኩሲቷን ኩርባ አለፉ። ኡራንያ ሐሳቧ እንግዳዋ ላይ ነበር፤ ይህን ያህል ዓመት ቆይታ መጥታ ምነው አኮረፈች ትላለች በልቧ። ከኩርባው አልፈው ሁለተኛውን መታጠፊያ ሲይዙ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል የፈላ የራዲያተር ውሃ ሽታ አፍንጫዋን መታት። ቀጥሎ ከኮፈኑ ጠርዝ ነጭ እንፋሎት ብቅ አለ።

«ወየው፣ ልጅቷ!» አለች ኡራንያ። እጇ ሄዶ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተው። እሳት የመሰለ አየር ፊታቸውን ገረፈው።

«ምን እያደረግሽ ነው? በነሐሴ!» ብላ ጮኸች ኤቫንቲያ።

ይህቺን ሰማቻት። «የሞተሩን ሙቀት ወደኛ እየሳብኩት ነው! ምንጩ ጋ እስክንደርስ አብረን እንቀቀልለት!»

ላባቸው እየተንጠባጠበ ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ ከመንገድ ዳር ምንጩ አጠገብ ደረሱ። ኡራንያ ሞተሩን አጠፋችና ኮፈኑን በጨርቅ ይዛ ከፈተችው። ራዲያተሩ ያፏጫል፣ ማራገቢያው ግን ፀጥ ብሎ ቆሟል። ኤቫንቲያ በባርኔጣዋ እያራገበች ቀረበችና ወደ ራዲያተሩ ክዳን እጇን ዘረጋች።

«እንዳትነኪው! ፊትሽን ይልጠዋል። ይብረድ መጀመሪያ።»

ኤቫንቲያ ስልኳን አውጥታ ወደ ሰማይ ብትዘረጋም፣ ድንጋይ ላይ ብትወጣም መስመር የለም። «ጀርመን ቢሆን ይሄኔ ጎታች መኪና መጥቶ ነበር» አለች።

«መጥቶ ምን ሊሆን? የዚህ መንገድ ጎታች እኔ ነኝ። ነይ ተቀመጪ።»

ምንጩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ኡራንያ ዳቦና የወይራ ፍሬ አወጣች። ኤቫንቲያ ከቦርሳዋ ቸኮላት መዘዘች።

«ወተት አለበት?»

«ሳይኖርበት ይቀራል?»

«እንግዲያው ጾም ነው፣ መልሺው።»

«ነገ ይፈታ የለም እንዴ?»

«ነገ ነገ ነው» አለች ኡራንያ። ኤቫንቲያ ሳቀችና ቸኮላቱን መለሰችው። ሳቋ እንደ ልጅነቷ በአፍንጫዋ ነበር የሚወጣው።

ሞተሩ ሲበርድ ሥራ ጀመረች። ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተች፤ ማራገቢያ ሞተር ጠፍቶም በራሱ ሊነሳ ይችላል፣ የስቴርጊዮስ አመልካች ጣት ጫፍ የጠፋው እንደዚያ ነው። የማራገቢያውን ክንፍ በጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ሳያንገራግር ዞረ። ፊውዙን ነቅላ በፀሐይ አየችው፤ ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ደህና ናት፣ ግን ዓይኗን አላመነችውም።

«ኤቫንቲያ፣ የፊት መሳቢያው ውስጥ ትርፍ ፊውዝ አለ። አቀብዪኝ እስቲ።»

ኤቫንቲያ ገብታ መሳቢያውን ስትበረብር ቆየች። ስትመለስ በአንድ እጇ ፊውዝ፣ በሌላው ትንሽ ግራጫ ሳጥን ይዛለች። ሳጥኑን ከፍታለች።

«ይሄ የማን ነው?»

ኡራንያ ፊውዙን ተቀብላ ሰካች። «የድሮ ነው።»

«የማን ነው አልኩሽ እንጂ የመቼ ነው አላልኩም።» ኤቫንቲያ ፊት ለፊቷ ዞራ ቆመች። «አንቺ ሴት፣ አትሰሚም?»

ኡራንያ ከናፍሯን አላየሁም ብላ እንዳታመልጥ ኤቫንቲያ አፍንጫዋ ሥር ናት።

«ከኮኒትሳ ጀምሮ ስለ ዶክተሩ ብጠይቅሽ ስለ ፖም ነገርሽኝ። እሱስ ይሁን። ከዚያ ደግሞ፣ ስንት ዓመት በሆዴ ይዤው የዞርኩትን ነገር፣ ዛሬ ደፍሬ ብጠይቅሽ መስኮቱን ዝጊው አልሽኝ። እኔ እኮ ቆርጣ ትታኛለች ብዬ ሻንጣዬን ይዤ በነገው አውቶቡስ ልመለስ አስቤ ነበር!»

«ምን ብለሽ ጠየቅሽኝ?»

«ለስቴርጊዮስ ቀብር ስላልመጣሁ ተቀይመሽኛል ወይ ብዬ!»

ጮክ ብላ ስለተናገረችው ቃሉ ከገደሉ ማዶ ተመለሰ። ኡራንያ እጇን በጨርቁ ጠረገች። ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት ጠረገች። የካህኑ ቀሚስ የተሰጣበት ገመድ ትዝ አላት፤ ያን ቀን በስቴርጊዮስ ላይ የጮኸችውም፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ቁልፉን ያኖረውም። እሱ እንኳ ሰላም ያለው ቀሚስ ነው። እሷ የዛሬዋን እንግዳ በገደል አፋፍ የእሳት ማሰሮ ላይ አስቀምጣ ነበር።

«ተቀይሜ ነበር» አለች በመጨረሻ። «የመጀመሪያውን ዓመት በጣም ተቀየምኩ። በሚቀጥለው ዓመት ቀነሰልኝ። ከዚያ መንደሩ ሰው አለቀበት፤ አንቺን የሚያውቅ ሲጠፋ ከማን ጋር ቁጭ ብዬ ልማሽ? ተውኩት።»

ኤቫንቲያ ልትስቅ ነበር፣ አለቀሰች። «ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር» አለች። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

«እንዳትጨነቂ ብሎ ያልነገረኝ ሰው ሁሉ አስጨንቆኝ ነው የኖረው።» ኡራንያ በክንዷ ሳብ አድርጋ አቀፈቻት፤ ቅባት በሐር ሸሚዟ ላይ ታተመ። «አሁን ያንን ቀይ ሽቦ ያዢልኝ።»

በአዲሱ ፊውዝ ምንም የተለወጠ የለም። ኡራንያ ከኋላ ሣጥኑ ሁለት ረጃጅም ሽቦዎች አውጥታ ከባትሪው ወደ ማራገቢያው ቀጥታ አገናኘች። ብልጭ አለና የማራገቢያው ክንፍ ተሽከረከረ።

«ዞረ!» አለች ኤቫንቲያ።

«ስለዚህ ልጅቷ ጤነኛ ናት። የሚቀሰቅሳት ነው የሞተው።» ሽቦዎቹን አነሳች። ራዲያተሩ ጎን ሥር እጇን ሰደደች፤ ጣቶቿ ዓይን ሳያስፈልጋቸው የሙቀት ማብሪያዋን አገኟት። ሁለቱን ሽቦዎች የያዘውን ሶኬት ነቀለችው። «እነዚህን ሁለቱን ጉድጓዶች እርስ በርስ ባገናኛቸውና ብትነሳ፣ ጥፋቱ የማብሪያዋ ነው። ቀጭን ብረት ግን የለኝም።» ቀና ብላ የኤቫንቲያን ጸጉር ተመለከተች።

«አይሆንም» አለች ኤቫንቲያ እጇን ራሷ ላይ ጭና።

«አንዷን ብቻ።»

«እያንዳንዷ ሌላዋን ይዛ ነው እኮ የቆመችው!»

አንዷ የጸጉር ሽቦ ስትነቀል የስቱትጋርት ሥራ በአንድ ጎን ተደረመሰ። ኡራንያ ሽቦዋን አጥፋ ሁለቱ ጉድጓዶች ውስጥ ሰካቻትና ከብረት እንዳትነካ በቁስል ማሸጊያ ጠቀለለቻት። ከዚያ ቁልፉን ለኤቫንቲያ ሰጠቻት። «አንድ ጊዜ ብቻ አዙሪ፣ ሞተሩን አታስነሺ።» እሷ ራዲያተሩ አጠገብ ጎንበስ ብላ ቆመች።

ምንም አልሰማችም። ግን ነፋስ ፊቷን ነካት፤ ሻሿ ወደ ኋላ ተነሳ፣ እንባዋ ከጉንጯ ላይ ወደ ጆሮዋ ተገፋ።

«ተነሳች!» ብላ ጮኸች ኤቫንቲያ ከመሪው ኋላ። ልጅቷ የሚለውን የስቴርጊዮስ ቃል ዛሬ ነው የሰማችው፣ ግን ከአፏ የወጣው ልክ እንደሱ ነው። ኡራንያ እንደጎነበሰች ቆየች። ከዚያ ክዳኑን በጨርቅ ቀስ ብላ ከፍታ ውሃ ሞላች፣ ዳቦውን ወደ ኋላ ወንበር አዛወረችና፣ «ጋቢና ግቢ። የጸጉር ሽቦዋ ልትወልቅ ስለምትችል አድምጪልኝ» አለች።

መንገዱ ላይ ጎርባጣ ቦታ ሲደርሱ ኤቫንቲያ፣ «ዝም አለች! ቁሚ!» ትላለች፤ ወርደው ሽቦዋን ጫን አድርገው ይመለሳሉ። በመሐል ወሬውን ጮክ ብለው ቀጠሉ፦ ማን ሞተ፣ ማን ተፋታ፣ ዶክተሩ እንዴት ወደ ልጃቸው እንደሄዱ። ሚሎቫ ሲገቡ የዋዜማው ደወል ተደውሎ አልቋል። ናሲስ፣ አሁን በከዘራ የሚሄደው፣ የአንዷን ጥቁር እጅ የሌላዋን የተደረመሰ ጸጉር አይቶ፣ «ተደባድባችሁ ነው?» አለ።

«አዎ» አለች ኤቫንቲያ። «እሷ አሸነፈች።»

በዓሉ ካለፈ በኋላ ኡራንያ ኮኒትሳ ወርዳ አዲስ የሙቀት ማብሪያ አስገጠመች። የተጣበቀችውንም መርፌ አስቀየረች፤ በዚያው ሳምንት መቃብሩ ጋ ሄዳ ስቴርጊዮስን ይቅርታ ጠይቃዋለች። መስሚያውንም ማድረግ ጀመረች፣ እየተማረረች። ኤቫንቲያ ልትቆይ ካሰበችው በላይ እስከ ወይን ለቀማ ድረስ ቆየች፤ በየጉዞው ጋቢና ተቀምጣ ትወርዳለች፣ ትወጣለች። የሚቀጥለውን በጋም ሁለቱ አብረው ሠሩ። ከዚያ በመኸሩ፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ ኡራንያ የታክሲውን ሰሌዳ አስረክባ መንዳት ተወች። ስትመለስ አላለቀሰችም፤ ቤት ገብታ ግን እስኪመሽ ድረስ ልብስ ስታጥብ ዋለች፣ የታጠበውንም ጭምር።

ኤቫንቲያ የአባቷን ቤት ጣሪያ አሳድሳ ከፋሲካ እስከ መኸር እዚያው ትኖራለች። አሁን ሁለቱ ወደ ከተማ የሚወርዱት ማክሰኞ ማክሰኞ በሚመጣው ትንሽ አውቶቡስ ነው። ኡራንያ ሁልጊዜ ከሹፌሩ ቀጥሎ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሯ ሳታውቀው ወለሉን ይጫናል። ሹፌሩ ወጣት ነው፣ መንገዱን ገና እየለመደው ነው። «ፍሬኑን ያዝኩት እኮ፣ እማማ» ይላታል።

«አይቻለሁ» ትለዋለች፣ እግሯን ሳታነሳ።